ምጽዋት በጎልፍ ሜዳ

የሀብታም አገር ሰው ደግ ሥራ ሲያምረው ጎልፍ ይጫወታል። ቀልድ አይደለም። በአሜሪካና በእንግሊዝ ለሕሙማን፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናት፣ ለአካል ጉዳተኛ ስፖርተኞችም ገንዘብ ከሚሰበሰብባቸው መንገዶች አንዱ የበጎ አድራጎት የጎልፍ ውድድር ነው። ኩባንያዎች አራት አራት ሰው ያስመዘግባሉ፤ ይከፍላሉ። ከ18ቱ ጉድጓዶች በየአንዳንዱ አጠገብ የአንድ ድርጅት ስም ያለበት ሰሌዳ ይተከላል። ኳሷን ባንድ ምት ጉድጓድ ለከተተ ሰው መኪና ይሸለማል፤ አዘጋጁ ግን አስቀድሞ ኢንሹራንስ ስለሚገባ አይከስርም። ማታ እራት አለ፤ ጨረታ አለ። ከወጪ ቀሪው ለተረጂው ይሰጣል።

እኛ ዘንድ ጎልፉ ገና አልተስፋፋም። ወንድሙ ግን ገብቶ ተደላድሏል። የሆቴል እራቱን፣ ቴሌቶኑን፣ ሥዕልና የአትሌት ማሊያ በጨረታ የሚሸጥበትን ምሽት ማን ያጣዋል? አካል ጉዳተኛው በተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ መድረክ ይገፋል፤ አዳራሹ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ያጨበጭባል፤ ቼኩ በካሜራ ፊት ይዘረጋል። ስለዚህ ነገ አንዱ ተነሥቶ «ለፓራሊምፒክ ስፖርተኞቻችን የጎልፍ ውድድር እናዘጋጅ» ቢል አይገርመኝም። ከወዲሁ ልቃወመው።

«ታዲያ ገንዘቡ ምን አደረገህ? ብር ብር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብር ብር ነው። የውድድር ተሽከርካሪ ወንበር ርካሽ ዕቃ አይደለም፤ የሚሰጥ ካለ ይስጥ፣ እጁ አይመለስ። ጠቤ ከሰጪው ጋር አይደለም። ጠቤ «ሰጪ ተገኝቷልና የእኔ ድርሻ አበቃ» ከሚለው ጋር ነው።

እስቲ ነገሩን ከአዲስ አበባ እናውጣውና ዋጃ እናድርሰው። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ ነው፤ ዝናቡ ሲያምረው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። የራያ ሰው ሰማዩን ማመን ቢያቅተው ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ነው የዞረው፤ ፓምፑ ሲሠራ ያጠጣል፣ መብራት ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ አገር የጎልፍ ሣር ማሰብ ራሱ ነውር ይመስላል። (ዱላና ኳስማ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የገና ጨዋታ አለን፤ እሱ ግን የመመዝገቢያ ክፍያ አያውቅም፤ ጌታና ሎሌም አይለይም።)

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት በዚህ ቆላ ወዲያና ወዲህ ተመላልሷል። ጦርነት ሲያልፍ የሚተወውን እናውቃለን፦ እግር ያጣ ወጣት፣ ዓይኑ የጠፋ ጎልማሳ፣ ያልፈነዳ ነገር አንሥቶ እጁን ያጣ እረኛ። ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን ትራኮማ ነበረ፤ የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ ደግሞ ፊት መታጠቢያ ውኃ ባጣ ቤት የሚከርም በሽታ ነው።

ከዋጃ ተነሥቶ ሰው ሠራሽ እግር ማስገጠም የሚፈልግ ልጅ ደሴ ወይም መቀሌ መድረስ አለበት። አንዴ ደርሶ ቢመለስ አይበቃውም፤ ልጅ ያድጋል፣ እግሩ አያድግም፤ መለወጥ አለበት። መሳፈሪያውን ማን ይከፍላል? አስታማሚውንስ ማን ያበላል? እስካሁን የሚከፍለው ዘመድ ነው፤ ጎረቤትም ያዋጣል። የወሎ ሰው በቅሬው ሬሳ ያነሣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ እሱኑ ቅሬ የመንግሥት በጀት እንዲተካ መጠየቅ ግን ግፍ ነው።

ባለሥልጣኖቹስ? ዋጃን በተመለከተ ለዓመታት የሰማነው ክርክር «የአማራ ናት፣ የትግራይ ናት» የሚል ነው። ክርክሩን ለባለጉዳዮቹ ልተወው። ግን «የእኔ ናት» ካሉት መካከል «አካል ጉዳተኞቿም የእኔ ናቸው፤ ይኸው በጀታቸው» ብሎ ወረቀት የዘረጋ ማን ነው? መሬት የሚወደድባት ሰው የሚረሳባት ከተማ!

አሁን ወደ ሜዳሊያው እንምጣ። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ መጀመሪያ የተሳተፈችው በ1961 ዓ.ም. ቴል አቪቭ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ያገኘችው ግን በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ ወንድዬ ፍቅሬ በ1500 ሜትር ብር ሲወስድ ነው። ታምሩ ደምሴ በ2009 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ሪዮ ላይ በዚሁ ርቀት ብር ወሰደ፤ የገባበት 3 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚያው ከተማ በኦሊምፒኩ ወርቅ ካስገኘው 3፡50 የፈጠነ ነበር። ትዕግስት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች፤ በ2016 ፓሪስ ላይ ደገመችው። እዚያው ፓሪስ ላይ ያየሽ ጌጤ ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ብር ጨመሩ።

ደስ ይላል። ግን ዝርዝሩን እንደገና ተመልከቱት። ሁሉም 1500 ሜትር ነው። ሁሉም ሯጭ ነው። አንዱ የክንድ ጉዳት ያለበት፣ ሌሎቹ የማየት ችግር ያለባቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የተወዳደረ የለም፣ በሰው ሠራሽ እግር የሮጠ የለም። ያሸነፍነው ጫማና ትንፋሽ በሚበቃበት ቦታ ብቻ ነው። ዕቃ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነን። ጨርሶ የማያዩት ሯጮች እንኳ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ሰው ነው፤ በገመድ ተያይዞ እኩል የሚሮጥ መሪ ሯጭ። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ መልመድ አለበት፤ መብላትም አለበት። የአንድ ቀን ጎልፍ እሱን ዓመቱን ሙሉ አያበላውም።

ሀብታም ከመጫወቱ በፊት ይህ ስፖርት የት ተወለደ? ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል በጦርነት አከርካሪያቸው የተጎዱ ወታደሮችን ያክም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ሕሙማኑን ቀስት አወዳደረ። ስፖርቱ ለእሱ የሕክምናው ክፍል ነበር።

ይህን ሆስፒታል እኛም እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን የተላከው እዚያው ስቶክ ማንድቪል ነው። በ1962 ዓ.ም. እዚያ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በማግስቱ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ጋሪ አሸነፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ስፖርተኛ ነበር። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈ ጀግና ስለሆነ ተላከ፤ ይገባዋል። ግን ሮምን ሳያሸንፍ እግሩን ያጣው የዋጃ ልጅስ? መጀመሪያ ሜዳሊያ አምጣ፣ ከዚያ እናክምሃለን ነው የምንለው?

ሕጉ እንዲህ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 30 ስፖርትን በስሙ ጠርቶ መብት ያደርገዋል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የተመቸ ይሁን ብሎ ደንግጎ ነበር። እስቲ እያንዳንዳችን በየሠፈራችን ያለውን ትምህርት ቤት ደረጃውንና ሽንት ቤቱን እንየው፤ ከዚያ ስለ አዋጁ እንነጋገር።

«አቅም የለንም» ይባል ይሆናል። ይሁን፤ አቅሙ ይቆጠር። ወረዳው ለስፖርት የመደበው ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ የተለየው ስንት ነው? ዜሮ ከሆነ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ምክር ቤቱም ያጽድቀው፤ ያጸደቁትም በስማቸው ይፈርሙበት። የሎስ አንጀለሱ ፓራሊምፒክ በነሐሴ 2020 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ወንበር ያልተሰጠው ልጅ ለዚያ አይደርስም፤ ለቀጣዩም የሚደርሰው የዘንድሮው በጀት ሲዘጋጅ ከታሰበ ነው።