ብርዱን እንተወው

ሕፃን ባሳለ ቁጥር «ብርድ መታው» እንላለን። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይጠረቀማል። ጭሱንስ ማን ይጠይቀዋል! አባወራው ለሳሎኑ ሰፊ መስኮት ያወጣል፤ ማድ ቤቱን ግን አንዲት የጭስ መውጫ ይነፍገዋል። ነፍሰ ጡሯ እንጀራ የምትጋግረው እዚያ ነው። ከጭሱ ጋር የምትስበው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደሟ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ጽንሱ ድርሻው ይጎድልበትና ክብደቱ አንሶ የመወለድ አደጋው ይጨምራል። ሲወለድ ደግሞ ታዝሎ ወደዚያው ምድጃ፤ ቀጥሎ የሳንባ ምች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ237,000 በላይ ሕፃናት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እንደሞቱ ገምቷል። እነዚህንም ብርድ መታቸው? እኛ ግን እናቲቱን «ምነው ልጁን አትሸፍኚውም!» ብለን እንቆጣለን። ጌታው፣ ለዲሽ ገመድ ግድግዳ የበሳ እጅ ለጭስ መብሳት ምን ከለከለው?