ሐያእ ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በየመስጂዱ ደርስ ላይ ጥያቄ በልቡ ይዞ እጁን የማያወጣ ወጣት አለ። ኢማሙ እንዳሰላመተ ማንንም ሳያናግር ጫማውን አንስቶ የሚወጣ አለ። ክፍል ውስጥ ቆመህ አቅርብ የተባለ ቀን ከትምህርት የሚቀር፣ ለሥራ ኢንተርቪው ተጠርቶ ከበር የሚመለስም አለ። ሰፈሩ ግን «ማሻአላህ፣ ጨዋ ነው፣ ሐያእ አለው» ብሎ ያልፈዋል።

ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሐያእ ግን ከመጥፎ ነገር ያግዳል እንጂ ከመልካም አያስቀርም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያወደሰቻቸው ዐይን አፋርነት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በልጅነቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ አንድ ዛፍ ሲጠይቁ መልሱ ተምር መሆኑን አውቆ፣ ታላላቆች በተቀመጡበት አፍሮ ዝም አለ። ኋላ ለአባቱ ሲነግረው ዑመር (ረ.ዐ) በተናገርክ ኖሮ ምንኛ በወደድኩ ብሎ ተመኘ። አባት የልጁን ድምፅ መስማት ፈልጎ ነበር።

ዛሬ እንዲህ ያለው ፍርሃት ሲበረታ መፍትሔ አለው። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚመራው የቡድን ሕክምና አንዱ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሄይምበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባዘጋጀው ዘዴ ጥቂት ሰዎች ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ። እያንዳንዱ የሚፈራውን ይናገራል፤ ከዚያም ቀለል ካለው ጀምሮ እዚያው ይለማመደዋል። አንዱ ቀጣሪ፣ ሌላው ተቀጣሪ ሆኖ ይቀመጣል። «ይስቁብኛል» ብሎ የፈራውና በተግባር የሆነው ይነጻጸራሉ። ለሳምንቱም የቤት ሥራ ይሰጠዋል።

«ለሙስሊም ቁርኣንና ዱዓ አይበቃውም ወይ?» የሚሉ አሉ። ሱረቱ ጧሃን እናስተውል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሂድ ሲባሉ ደረታቸው እንዲሰፋ፣ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ ዱዓ አደረጉ። በዚያው ዱዓ ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆኗቸው ለመኑ። አላህ የለመኑትን ሰጣቸው፤ ከዚያም ሁለቱ አብረው ሄዱ። ዱዓ፣ ረዳትና እርምጃ አልተነጣጠሉም። ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው አቡ ዘይድ አልበልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ሲጽፍ ፍርሃትን መታከም ከሚገባቸው የነፍስ ሕመሞች ቆጥሮታል። ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ወደ ባለሙያ ቢሄድ ተወኩሉ አይጎድልም።

ስለዚህ ለመስጂድ ኮሚቴዎች ጥያቄ አለን። የመድረሳው አንድ ክፍል በሳምንት ለሁለት ሰዓት ለዚህ ይዋል። ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ይሁኑ። የሚመራው የሠለጠነ ባለሙያ ይሁን። እኛ የመስጂድ አገልጋዮች በር እንክፈት፣ ወጣቱን እናበረታታ፤ ሕክምናውን ግን ለባለቤቱ እንተው። እዚያ የተነገረ ሁሉ አማና ነው፤ ወደ ሰፈር ከወጣ ልጁ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ተስፋ የቆረጠ፣ ሞትን የሚመኝ ካለ ደግሞ ቡድን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን በእንግዳ ፊት «ምላስ የለህም ወይ?» አትበሉት። አንተም ወንድማችን፣ አንቺም እህታችን፣ ኢማናችሁ ስለደከመ አይደለም። ለሚቀጥለው ደርስ አንዲት ጥያቄ ያዙ።

አላህ ደረታችሁን ያስፋላችሁ፣ ምላሳችሁን ይፍታላችሁ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።