ምርመራው ስንት ብር ነው?



በዚህ ወር አምዳችንን የያዘው ከመርሳ የደረሰን የአንድ ወጣት ወንድማችን ደብዳቤ ነው። አንድ አክሲዮን ሻጭ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ወልዲያ ላይ ሰብስቦ አነጋግሯቸዋል። ሊቋቋም ነው የተባለው ኩባንያ ከአንዲት የደም ጠብታ ብዙ በሽታ የሚለይ መሣሪያ ያስመጣል፤ በወልዲያና በመርሳ የምርመራ ማዕከል ይከፍታል። ምርመራው ለድሃው ርካሽ ይሆናል፤ ባለ አክሲዮኑ ደግሞ ለእያንዳንዱ መቶ ብር በየዓመቱ 40 ብር «የተረጋገጠ» ትርፍ ይቀበላል። በወንድማችን እጅ ያለው ገንዘብ እህቱ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት እየሠራች በስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ነው። «ሕክምና ሐላል ሥራ ነው፤ እንግባበት ወይ?» ሲል ይጠይቀናል።

ሕክምና ሐላል ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ሥራው ሐላል ሆኖ ውሉ ግን የተበላሸ ሊሆን ይችላል። በሽርክና ደንብ ባለ ገንዘቡ የሚካፈለው የተገኘውን ትርፍ ነው፤ እሱንም በስምምነት በተለየ ድርሻ፣ ለምሳሌ በሲሶ ወይም በእኩል። ኪሳራ ከመጣም ባለ ገንዘቡን ይነካዋል። ገና መሬት ላልረገጠ ሥራ «አተረፍንም አልተረፈንም በመቶ 40 እንከፍላለን» ከተባለ ግን ነገሩ ሽርክና መሆኑ ይቀርና ጭማሪ ያለው ብድር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሪባ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ያለበትን ሽያጭ፣ ገረርን፣ ከልክለዋል። ሻጩ መሣሪያውን በፎቶ እንጂ በዓይኑ እንዳላየው ወንድማችን ራሱ ጽፎልናል።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበን ያጣነው ግን አንድ ቁጥር ነው። ምርመራው ስንት ብር ነው? የአክሲዮኑ ዋጋ ተጽፏል፣ ትርፉ ተጽፏል፤ በሽተኛው የሚከፍለው ዋጋ ግን የለም። የትርፉ ምንጭ እሱ ሆኖ ሳለ!

እስቲ አብረን እናስላው። ኩባንያው 10 ሚሊዮን ብር ሰበሰበ እንበል። በመቶ 40 ማለት በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ ነው። ከኬሚካሉ፣ ከቤት ኪራዩ፣ ከባለሙያው ደመወዝና ከግብሩ በኋላ ከአንድ ምርመራ 100 ብር ቢተርፍ 40 ሺህ ምርመራ ያስፈልጋል። ይህም ዒድም ጁሙዓም ሳይባል በየቀኑ 110 ሰው ገደማ ማለት ነው። የሐብሩ ቆላ ወባ የሚያጠቃው አካባቢ ነው፤ የወባ ምርመራ በቀበሌው ጤና ኬላ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ አለ። የጤና መድን ደብተር የያዘው ገበሬም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያው ነው። ታዲያ ያ 110 ሰው ከየት ይመጣል? ቁጥሩ ካልሞላ ያለው መንገድ ዋጋ መጨመር ነው፤ ያኔ «ለድሃው ርካሽ» የተባለው ቀረ። ዋጋው ካልተጨመረ ደግሞ 40 ብሩ ቀረ።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቃል የገባ ኩባንያ ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተቋቋመው ቴራኖስ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ብዙ ምርመራ እሠራለሁ አለ። የምርመራውን ዋጋ መንግሥት ለአረጋውያን ሕክምና ከሚከፍለው ከግማሽ በታች አድርጎ በይፋ ለጠፈ። ከባለሀብቶች ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋጋው 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተባለ። በቦርዱ ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልዝ ነበሩ፤ የጋዜጦቹ ባለቤት ሩፐርት መርዶክም ገንዘቡን አስገብቷል። (ወንድማችንም «የታወቁ ሐጂዎችና ዶክተሮች ገብተውበታል» ብሎናል። ገብተው ይሆናል፤ መሣሪያውን አይተው ይሆን?) እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ዎል ስትሪት ጆርናል ነገሩን ገለጠው፤ አብዛኛው ምርመራ ይሠራ የነበረው በሌሎች ኩባንያዎች መሣሪያ ነበር። በ2017 ኩባንያው በአሪዞና ግዛት ለተመረመሩ 175 ሺህ ያህል ሰዎች 4.65 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። በ2018 ፈረሰ። መሥራቿ ኤልዛቤት ሆልምስ ባለሀብቶችን በማጭበርበር በ2022 ጥፋተኛ ተብላ 11 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባት። ተመርማሪው የከፈለው ቢመለስለትም የባለ አክሲዮኑ ገንዘብ ጠፍቶ ቀረ።

መሣሪያው እውነተኛ ሲሆንስ? የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ የሚለየው ጂንኤክስፐርት በአገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ሰው አትርፏል። ባለቤቱ ሴፊድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዳናኸር የተባለ ኩባንያ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለድሃ አገሮች የአንዱ መመርመሪያ ዋጋ ከ2012 ጀምሮ 9.98 ዶላር ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከ5 ዶላር ባነሰ ሊሠራ እንደሚችል አስልተው ለዓመታት ተሟገቱ፤ በመስከረም 2023 ዋጋው ወደ 7.97 ዶላር ወረደ። እዚህ ማንም አላጭበረበረም፤ ክርክሩ በሽተኛው ላይ ስንት መትረፍ አለበት የሚል ነበር። የኩባንያ ድርሻ የገዛ ሁሉ ወደደም ጠላም ከዚህ ክርክር ውስጥ ይገባል። በመርሳ የገዛውማ የራሱን ጎረቤት ነው የሚያስከፍለው።

በሕጉም በኩል ቢሆን በ2013 ዓ.ም. በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 መሠረት አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ወገን ስለ ኩባንያው ሙሉ መግለጫ አዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። ወንድማችን መግለጫውን ይጠይቅ። ገንዘቡ የሚገባው በሻጩ ስም ነው ወይስ በሚቋቋመው ኩባንያ ስም በተከፈተ ዝግ የባንክ ሂሳብ? ሂሳቡስ ከወለድ ነፃ ነው? ኩባንያው ሳይቋቋም ቢቀር «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ የተቆረጠው ይመለሳል? መልሱ በቃል ከሆነ ገንዘቡን አይስጥ። የተረጋገጠው 40 ብር ከውሉ ካልወጣ ግን ሌላው ሁሉ ተሟልቶ እንኳ አይግባበት እንላለን። ወላሁ አዕለም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ደብዳቤው «ገንዘባችን» ይላል፤ ገንዘቡ ግን የእህቱ ነው፣ እሱ አማና ጠባቂ ነው። እሷ ስለዚህ አክሲዮን መስማቷን የሚናገር አንድም መስመር አላገኘንም። ዛሬውኑ ሪያድ ይደውልላትና የ110ሩን ሰው ሒሳብ ሳይቀር ይንገራት፤ «አይሆንም» ካለችው ብሯ ባለበት ይቆይ።