ባዶ መልስ «የለም» ማለት ነውን?

ፈተና ያልተቀመጠ ተማሪና ተፈትኖ ዜሮ ያገኘ ተማሪ አንድ አይደሉም። የፊተኛው ስፍራ በማርክ መዝገቡ ላይ ባዶ ይተዋል እንጂ ዜሮ አይጻፍበትም። ለኮምፒውተር የትእዛዝ ዝርዝር፥ ማለት ስክሪፕት፥ የሚጽፉ ሰዎች ግን ብልኆች ሆነው ሳለ ይህንኑ ልዩነት ሲዘነጉት በብዙ ስፍራ ይታያል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ከርነል የሚሉት እምብርት አለው። ከርነሉ ሲዘጋጅ ከብዙ ሺህ አማራጮች የሚፈለገው ተመርጦ ይገባና ምርጫው በአንድ መዝገብ ይጻፋል። ከእምብርቱ ጋር ተዋሕዶ የገባው «ዋይ» በምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይመለከታል፤ ሲፈለግ ብቻ የሚጫነው ሞጁል ደግሞ በ«ኤም»። ያልተመረጠው አንዳንድ ጊዜ አለመመረጡ በማስታወሻ መስመር ይጻፍለታል፤ አንዳንድ ጊዜም ስሙ ጭራሽ አይነሣም።

እንግዲህ አንድ ስክሪፕት፥ ይህ ከርነል የፋየርዎል ክፍል አለው ወይ ብሎ ሲመረምር «ዋይ»ን ብቻ ፈልጎ ያጣ እንደ ሆነ «የለም» ይላል፤ ክፍሉ ግን ሲጠሩት የሚመጣ ሞጁል ሆኖ ተቀምጧል። ከዚህ የከፋው መዝገቡ ራሱ የታጣ እንደ ሆነ ነው። በሥራ ላይ ያለ ከርነል ምርጫውን ራሱ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ የሚያስቀው ነገር፥ ይህ ማሳየትም እንደ ሌላው ሁሉ በምርጫ የሚገባ መሆኑ ነው! ስክሪፕቱ መዝገቡን ሲያጣ ሁሉንም «የለም» ይለዋል። አንባቢ ሆይ፥ ይህ መዝገብ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ «ጉዳይህ ተከልክሏል» ተብሎ እንደ መመለስ ያለ ነው።

ከመዝገብ ውስጥ ቃል የሚፈልገው ግሬፕ የተባለው መሣሪያ በዚህ አይታማም። ሲያገኝ 0፥ ሲያጣ 1፥ መዝገቡን መክፈት ሲያቅተው 2 ይመልሳል። መልሱ ሦስት ነው። ጸሐፊው «ተሳካ ወይስ አልተሳካም» ብቻ ብሎ ሲጠይቅ ግን 1 እና 2 ተደባልቀው አንድ «የለም» ይሆናሉ። መሣሪያው በትክክል ተናግሯል፤ ያልሰማው ጠያቂው ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ለይቶ መመርመርና 2 ሲመጣ «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው እንደ ጉዳዩ ነው። ነገሩ እንደ ፋየርዎል ያለ ጥበቃ ከሆነ ስክሪፕቱ ቆሞ ሰው ይጥራ፤ «ይኖራል» ብሎ ማለፍ በር ሳይዘጉ መተኛት ነው። ሥራን ለማፍጠን ብቻ የሚረዳ ነገር ከሆነ ግን እንደሌለ ቆጥሮ በሌላ መንገድ መቀጠል ጉዳት የለውም።

ስክሪፕት በብዛት የሚጻፍበት ሼልም የራሱ ወጥመድ አለው። መልሱ የተያዘበት ስም ባዶ ሲሆንና በትእምርተ ጥቅስ ሳይከበብ ሲቀር ከትእዛዙ መካከል ጨርሶ ይጠፋል፤ ንጽጽሩም አንድ ወገን ብቻ ይቀረውና ይፈርሳል፤ ስክሪፕቱ የፈረሰውን እንደ «የለም» ቆጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። ሼሉ ያልተሰየመውን ስም ተሰይሞ ባዶ ከሆነው መለየት አቅቶት አይደለም። ለጎደለው ምትክ በሚሰጥበት ጊዜ ሁለት ነጥብ ቢጨምሩበት ባዶውንም ያልተሰየመውንም ይተካል፤ ሁለቱን ነጥብ ቢተዉ ያልተሰየመውን ብቻ።