የጎማ ዱካ በሕዝብ መሬት ላይ

በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን፣ እኛ ገና በጾሙ ላይ ሳለን፣ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ወደ ዩታ ወርደን በሞአብ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገውን የጂፕ ጉባኤ አይተን ተመልሰናል። ወሬው በተማሪዎች መካከል ሁለት ጎራ ፈጠረ። አንደኛው ወገን «ቤንዚን ከማቃጠልና ገንዘብ ከማባከን በቀር ምን ጥቅም አለው?» ሲል፣ ሁለተኛው «መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ቢነዳበት ማን ምን አገባው?» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘልለውታል።

ለመጀመሪያዎቹ መልሱ አጭር ነው፤ ጉባኤው ከሩቅ እንደሚመስለው የዘራፌዎች ጨዋታ አይደለም። በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የከተማው ንግድ ምክር ቤት የአንድ ቀን ጉዞ አድርጎ ጀመረው። ዛሬ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶ በፋሲካ እሑድ ያበቃል። መንገዶቹ እንደ ክብደታቸው ከ1 እስከ 10 ደረጃ አላቸው። መኪኖቹ በሰልፍ ሲወጡ ከፊት የሚመራ ፊታውራሪ፣ ከኋላ የሚጠብቅ ደጀን አላቸው። እሽቅድድም የለም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ነጂው ከመነሣቱ በፊት ከጎማው ነፋስ ይቀንሳል፤ ጎማው ተለጥጦ ድንጋዩን እንዲጨብጥ ነው። ከገደሉ አፍ ሲደርስ ባልንጀራው ከፊት ቆሞ በእጁ ምልክት «ወደ ግራ! ቁም! ና!» ይለዋል። ነጂው የራሱን ጎማ ማየት ስለማይችል የባልንጀራውን እጅ ማመን ግድ ይሆንበታል። ይህን የሚንቅ ሰው ምን እንደሚያከብር አላውቅም።

ለሁለተኞቹ ግን መልሱ ረዘም ይላል። ጂፑ የሚወጣበት ቀይ ድንጋይ በጥንት ዘመን የበረሃ አሸዋ ክምር የነበረ፣ ኋላ የጠነከረ ነው፤ ጎማ ቢሄድበት ብዙም አይጎዳም። ከድንጋዩ አጠገብ ያለው አፈር ግን ሌላ ነው። ጥቁር፣ ጉብጉብ ያለ ቅርፊት ለብሷል። ቅርፊቱ ከደቂቅ ሕያዋንና ከድንጋይ ሽበት የተሠራ ሲሆን፣ አፈሩን ከነፋስና ከጎርፍ ይጠብቃል፤ ለዕፅዋትም ናይትሮጅን ያቀርባል። አንድ ጎማ በአንድ አፍታ የሚያደቀው ቅርፊት ተመልሶ እስኪያገግም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። እንግዲህ ከመንገዱ ሁለት ክንድ ዘወር ያለ ነጂ፣ ልጁ አድጎ መኪና እስኪነዳ የሚታይ ዱካ ትቶ ሄደ ማለት ነው።

መንገዶቹን እነማን እንዳወጧቸው ማወቅም ይገባል። ቻርሊ ስቲን የተባለ የከርሰ ምድር ዐዋቂ በ1952 ከሞአብ ደቡብ ምሥራቅ ታላቅ የዩራኒየም ሀብት ካገኘ በኋላ፣ ፈላጊው ሁሉ በጂፕና በቡልዶዘር በረሃውን ሰነጣጠቀው። ዛሬ ለመዝናኛ ከሚነዳባቸው መንገዶች ብዙዎቹ የዚያ ጥድፊያ ቅሪት ናቸው። ማዕድኑን የሚፈጨው ፋብሪካ ከ1956 እስከ 1984 ሠርቶ ሲዘጋ፣ 16 ሚሊዮን ቶን ያህል መርዛም ዝቃጭ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ቀረ። ዝቃጩን በባቡር ወደ ሌላ ስፍራ ማጋዝ የተጀመረው በ2009 ነው። እነዚያም ሰዎች «መሬቱ የሕዝብ ነው» ብለው ነበር የገቡት፤ ዕዳውን የከፈለው ግን ያኔ ያልተወለደው ሕዝብ ነው።

በ2023 የፌዴራሉ መንግሥት የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በሌቢሪንዝ ሸለቆ አካባቢ 317 ማይል መንገድ ለሞተር ሲዘጋ፣ ከ800 ማይል በላይ ክፍት ትቶ ነበር። ይሁን እንጂ ነጂዎች መብታችን ተነጠቀ ብለው ጮኹ፤ ክስም ተመሠረተ። ቅሬታቸውን አልንቅም፤ የሚወዱትን መንገድ ማጣት ያሳዝናል። ነገር ግን ሕዝብ ማለት ጂፕ ያለው ብቻ ነውን? ጸጥታ ፈልጎ በእግሩ የሚሄደውስ? አያቶቹ በገደሉ ፊት ሥዕል ቀርጸው የተዉለት የአገሩ ነባር ሕዝብስ? የሚመጣው ትውልድስ?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ጉባኤው ይቀጥል፤ ነገር ግን የትኛው መንገድ እንዲዘጋ አስቀድመው የሚያመለክቱት ነጂዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። አገሩን በጎማቸው ልክ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በገደል ላይ የባልንጀራውን እጅ አይቶ «ቁም» ሲባል የሚቆም ሰው፣ በሜዳውም ላይ መቆም አያቅተውም።

እኛም ተማሪዎች በየስብሰባችን «የሕዝብ» የሚለውን ቃል እንደ ልባችን እንጠራለን። የሕዝብ የሆነ ነገር ማንም የፈለገውን የሚያደርግበት ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው በአደራ የተቀበለው ነው። አደራ ደግሞ ከራስ ንብረት ይልቅ ይከብዳል።