ጣት ከተቀባ በኋላ

መርካቶ አጠገብ አብነት ሰፈር ዕቁብ የሚጥል ነጋዴ ብሩ ዓይኑ እያየ ካልተቆጠረ አይረካም። ዳኛው ይሰበስባል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዕጣው ግን የሁሉም ነው። ስም የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች አንድ በአንድ ይጠቀለላሉ፣ ዕቃ ውስጥ ገብተው ይነቀነቃሉ፣ አንዱ ይነሣና ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የወጣችው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ተጠራጠርከኝ ብሎ የሚቀየም ዳኛ የለም፤ እንዲያውም «እዩት» የሚለው እሱ ራሱ ነው።

ይኸው ነጋዴ የምርጫ ቀን ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። ጎሕ ሳይቀድ ይሰለፋል፣ ለሰዓታት ይቆማል፣ ድምፁን ሰጥቶ ጣቱን ይቀባና ወደ ሱቁ ይመለሳል። ማታ ሳጥኑ ሲከፈት ግን አጠገቡ የለም። ለአንድ ወር ዕቁብ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለአምስት ዓመት አስተዳደር ይነፍጋል።

ስለ ምርጫ ማጭበርበር ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው በሌሊት የሚሰረቅ ሳጥን ነው። ድምፅ ይበልጥ የሚጎዳው ግን መራጩ ዞር ብሎ በማያያቸው ሁለት ጊዜያት ነው፤ አንዱ መዝገቡ ሲሞላ፣ ሌላው ውጤቱ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ከጣቢያው ሲወጣ። ሁለቱም ላይ ተራ ሰው አቅም አለው። ይህን አቅም አለመጠቀም ድምፅ ካለመስጠት የማይተናነስ ጉዳት አለው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስከ ሌሊት ተሰልፋ መርጣ ነበር። የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት ከ138ቱ የከተማዋ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። በአገር ደረጃ ግን ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ገዥው ፓርቲም ተቃዋሚዎቹም አሸነፍን አሉ፤ አቤቱታው ተከመረ፣ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። በሰኔ መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ የተፈጸመውን ግድያ የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋግጧል። መርካቶም ከዚያ ሐዘን ድርሻዋ ደርሷታል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሰፈር የየጣቢያውን ቁጥር በእጁ ይዞ ቢሆን ኖሮ ግድያው ይቀር ነበር ማለት አይቻልም። ክርክሩ ግን በወሬ ሳይሆን በወረቀት ላይ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ጠቅላላ ምርጫዎች የመራጩን ልብ አቀዘቀዙ። በ2002 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። «ቢመረጥስ ምን ሊመጣ» የሚለው አነጋገር ሥር የሰደደው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ለማጭበርበር ደግሞ ከዚህ አነጋገር የተሻለ ምቹ ሜዳ የለም።

በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በአማራና በደቡብ ክልሎች አንዳንድ ጣቢያዎች የተቃዋሚ ፓርቲ ወኪሎች እንደተባረሩ በዚያው ዕለት በይፋ ተናግረዋል። ወኪል ሲባረር ጣቢያው ላይ ማን ይቀራል? አስፈጻሚውና ሰልፈኛው። ሰልፈኛው ያየውን ካልተናገረ የተባረረው ሰው ቃል ብቻውን ይቀራል።

ጉድለት ከታየና በማስረጃ ከተያዘ ውጤት ሊሰረዝ እንደሚችል የወላይታ ዞን አሳይቷል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ምርጫ ቦርድ በዞኑ ከባድ የሕግ ጥሰት ማግኘቱን ገልጾ የመላ ዞኑን ውጤት ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀን ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ። ማላዊ ውስጥ ደግሞ የ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የወደቀው በጠመንጃ አልነበረም። የውጤት ቅጾች ላይ ፍሉድ፣ ያ የቢሮ ነጭ ማጥፊያ፣ ተቀብቶ ቁጥር ተቀይሮ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ በጥር 2012 ምርጫውን ሻረው፤ በድጋሚው ተቃዋሚው ላዛሩስ ቻክዌራ አሸነፉ። ፍሉድ የሚጋለጠው ማጥፊያ ሳይነካው በፊት ቁጥሩን ያየ ሰው ሲኖር ነው።

እዚህ አገር ይህን ቁጥር ለማየት ፈቃድ አያስፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱም ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ይለጠፋል። በ2013ቱ ምርጫ አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ እንዳይመዘግብ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ስሌቱ የሱቅ ሂሳብ ነው፤ የፓርላማ ዕጩዎቹ ያገኙት ድምፅና የተበላሸው ወረቀት ተደምሮ ፈርመው ከመረጡት ሰዎች ቁጥር መብለጥ የለበትም። የዱቤ መዝገብ ሲያመሳክር የኖረ የመርካቶ ሰው ይህን ለማድረግ አስተማሪ አይፈልግም። የተለጠፈውን ሉህ በስልኩ ፎቶ ያንሣ፣ የጣቢያው ስም አብሮ ይታይ፣ የምርጫ ክልሉ ውጤት ሲገለጽ ያስተያይ። ልዩነት ካገኘ ወደ ፓርቲ ወኪሎች፣ ወደ አገር ውስጥ ታዛቢዎችና ወደ ቦርዱ ይውሰደው። መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ግን ጉዳዩን ይጎዳል፤ ያልተጣራ ፎቶ ሰፈር ያነዳል፣ እውነተኛውንም አቤቱታ ያስንቃል።

ድምፅ የተሰጠበትን ወረቀት ፎቶ ማንሣት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ያ ፎቶ ለአለቃ ወይም ለካድሬ «ይኸው እንዳልከኝ አደረግሁ» ማሳያ ይሆናል፤ ምስጢሩ የፈረሰ ድምፅ ደግሞ በቀላሉ ይገዛል፣ በቀላሉም ይገደዳል። የምርጫ ካርድን «ላስቀምጥልህ» ለሚል ሰው መስጠትም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ግን መዝገቡ ነው፤ ምዝገባ ሲያልቅ የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ዕይታ ክፍት ይሆናል። ሄዶ የሚያየው ጥቂት ነው። ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ሰው እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ከአብነትና ከአካባቢው ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ተዛውሯል። የሞተውን፣ የተዛወረውንና በሰፈሩ ታይቶ የማያውቀውን ስም ከየትኛውም ቢሮ በተሻለ የሚለይ ሰው አለ፤ የእድሩ ጸሐፊ። ድንኳን የተከለውና ለቀስተኛ የጠራው እሱ ነው።

እድር ፓርቲ አይደግፍም፣ ሊደግፍም አይገባም። ለማንም ሳይወግን ግን ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። መዝገቡ በተከፈተ ሰሞን አባላቱ ተራ በተራ ሄደው የየሰፈራቸውን ስም እንዲያነቡ ይንገር። በምርጫው ማግሥት ደግሞ በየጣቢያው ሁለት ሰው መድቦ የተለጠፈውን ቁጥር በደብተር ያስገልብጥ፣ በወርኃዊው ስብሰባም ያስነብብ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫው የዋለው ሰኔ ላይ ነበር፤ አንዳንድ የአዲስ አበባ ጣቢያዎችም ድንኳኖች ነበሩ። የተለጠፈው ሉህ በዝናብ ቢርስ ወይም ሌሊት ተቀዶ ቢያድር እንኳ ቁጥሩ በእድሩ ደብተር ውስጥ ይገኛል።