ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሰው ፍርድ

ማናቸውም አዲስ ጥበብ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለይቶ መቀበል የልባሞች ሥራ ነው። አዲስ በመሆኑ ብቻ የሚቀበሉትም፤ አዲስ በመሆኑ ብቻ የሚጠሉትም፤ ሁለቱም ሳይመረምሩ የፈረዱ ስለ ሆነ ስሕተታቸው አንድ ነው። በዚህ ዘመን በዓለም ሁሉ እጅግ የሚነገርለት ጥበብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ ሰዎች ከጻፉትና ከተናገሩት፤ ከመዘገቡትም እጅግ ብዙ ነገር በኮምፒውተር ተሰብስቦ ተምሮ፤ ለጠየቀው መልስ የሚሰጥ፤ የሚመጣውንም የሚገምት ነው።

አገራችን በዚህ ጥበብ ወደ ኋላ እንዳትቀር የተደረገው ጥረት ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ የሚሆን ማእከል በደንብ ተቋቁሞ በኋላ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተብሏል። በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ጉዳዩ የአገሪቱን ፖሊሲ አጽድቋል፤ በሚቀጥለውም ወር ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተከፍቷል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዕቃውን የሚሸጠው ኩባንያ ይቸኩላል፤ ሌላው አገር ቀደመን የሚለው ሰው ይቸኩላል፤ መሥሪያ ቤቱ በአዲስ መሣሪያ ይሠራል ተብሎ እንዲጻፍለት የሚሻው ሹምም ይቸኩላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፤ በችኮላ የገባ ሥርዓት የሚፈታው ችግረኛው ሰው በሚፈልገው ሰዓት ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ ወደ ተዘረጋው ወደ እንጦጦ ተራራ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ከአዲስ አበባ ዙሪያ ስላለቀ፤ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር ዘንድ በዚያ ግንብ መሠራት ተጀምሮ ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለ በቀለ ግን ከተማይቱ በስፍራዋ ጸናች። ዛፉ አዲስ አበባን አዳናት ቢባል ማጋነን አይደለም።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ እንጨት ከተራራው ወደ ከተማው የወረደው በማን ጀርባ ነው? ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም ተሸክመው፤ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩትን ድኾች ሴቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የዛፉ ጥቅም ሲነገር የእነርሱ ድካም ከሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ጥፋቱም የዛፉ አይደለም፤ ዛፍ ዛፍ ነው። ጥፋቱ ጥቅሙን ቈጥረን ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ያልጠየቅነው የእኛ ነው።

በዚያው ተራራ ላይ ሰማይን የሚመረምር ጣቢያ ተሠርቷል። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ በወጣች ጊዜ የመከታተያዋ ጣቢያ በእንጦጦ ነበረ። እንዲህ ባለ ዓይን ከላይ የተነሣውን ሥዕል ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥቂት ጊዜ መርምሮ የደኑን ስፋት ይለካል። ከዛፉ ሥር ጭራሮ የምትለቅመው ሴት ግን በልኬቱ ውስጥ የለችም፤ ስንት ልጅ እንደምታሳድግም አይታወቅም። ደኑ ይጠበቅ ዘንድ መንገዱ ይዘጋ ብሎ የሚወስን ሹም ቢኖር፤ ልኬቱን ከመሣሪያው ይቀበል፤ የሴትዮዋን ነገር ግን ወርዶ ራሱ ይጠይቅ።

ይህ ሥጋት ባዶ ወሬ አለመሆኑን የሆላንድ ታሪክ ያስረዳል። በዚያ አገር የግብር መሥሪያ ቤት ለሕፃናት ማቆያ የሚሰጠውን ድጎማ ከሚቀበሉት ወላጆች መካከል አታላይ ሊሆን የሚችለው ማን እንደ ሆነ ለመለየት በኮምፒውተር ስሌት ይጠቀም ነበር። በዚህና በሕጉ ጥብቅነት ምክንያት በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው ተከሰው ከፍ ያለ ገንዘብ መልሱ ተባሉ። ብዙዎቹም በዕዳ ተያዙ፤ ሲያመለክቱም የሚሰማቸው አጡ። በመጨረሻ ነገሩ ተገልጦ በጥር ወር 2013 ዓ.ም. የሚኒስትሮቹ ጉባኤ በሙሉ ሥራውን ለቀቀ። በሀብትና በትምህርት የበለጸገ አገር እንዲህ ከተሰናከለ እኛ አብልጠን ልንጠነቀቅ አይገባንምን?

ስለዚህ በክፍለ ከተማም ሆነ በሚኒስቴር የተሾመ ሰው አስቀድሞ ሊያጸናቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፤ ቤት ወይም ፈቃድ ወይም ርዳታ የሚከለክል ውሳኔ የአንድ ኃላፊ ስምና ፊርማ ይኑርበት። መሣሪያ አይከሰስም፤ አያፍርም፤ አይጸጸትምም፤ ስለዚህ ምክር ይስጥ እንጂ አይፍረድ። ሁለተኛ፤ ተበደልሁ የሚል ሰው አቤቱታውን የሚሰማው ሌላ ሰው ያግኝ። ሦስተኛ፤ ሕዝቡ አምኖ የሰጠው የግል መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ይጠበቅ።

አራተኛው የቋንቋችን ነገር ነው። እነዚህ መሣሪያዎች አብዛኛውን የተማሩት ከእንግሊዝኛ ጽሕፈት ስለ ሆነ በአማርኛ ሲሠሩ ስሕተታቸው ይበዛል። አንድ አመልካች «ካሣውን አልተቀበልሁም» ብሎ የጻፈውን መሣሪያው ሲያሳጥር «ተቀበልሁ» ቢለው፤ በሦስት ፊደል መውደቅ የሰውየው መብት ወደቀ ማለት ነው። ይህንን ከካህናት ይልቅ የሚያስተውል የለም፤ ጸሐፊ በብራና ላይ የገለበጠውን መጽሐፍ ሊቃውንት ከመነሻው ጋራ እያስተያዩ ሲያርሙ ኖረዋልና። ያ የማረም ልማድ አሁን ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ ያስፈልጋል። በየካ የሚገኘው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲም የሚያወጣቸው መምህራን ተማሪው ከመሣሪያ ያገኘውን መልስ መርምሮ እንዲቀበል ቢያስተምሩት ለአገር ታላቅ አገልግሎት ይሆናል።

ይህንን ስንል አዲሱ ጥበብ ይቅር ማለታችን አይደለም። ሐኪም ለጎደለበት ሐኪሙን ቢያግዝ፤ ገበሬውን ስለ ዝናብ ቢያስጠነቅቅ፤ የተከማቸውን መዝገብ ቢያቃልል የምንጠላበት ምክንያት የለም። ባሕር ዛፍም ጠቅሟል። ነገር ግን የእንጦጦን ሸክም ያላየ ዘመን አንድ ጊዜ አልፏል። አሁን ወደ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ይህ መሣሪያ ከመግባቱ አስቀድሞ፤ ስንት ሰዓት ያተርፍልናል ከሚለው ጥያቄ በፊት፤ ቢሳሳት የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ይጠየቅ። መልሱ ያልተገኘለት ሥራ መልሱ እስኪገኝ ይቈይ።